የወንዝ ዳር መሬት፣ ባፈር ዞን እና የይዞታ መብት፦ ሐዋሳ ላይ የሚያጨቃጭቀው ነገር ምንድን ነው?

ሐዋሳ ውስጥ ሻይ ቤት ቁጭ ብላችሁ የባፈር ዞንን ነገር ብታነሱ ጠረጴዛው ወዲያው ለሁለት ይከፈላል። አንዱ ሐይቁ እየተጎዳ ነው፣ ዳሩን የያዘ ሁሉ ይነሳ ይላል። ሌላው ደግሞ አባቴ ያረሰውን፣ የይዞታ ደብተር ያለኝን መሬት ሜትር ይዘው መጥተው ሊቆርጡብኝ ነው ይላል። ድምፅ ከፍ ይላል፣ ማንም ማንንም ሳያሳምን ይበተናሉ። እኔን የሚያሳስበኝ፣ አብዛኛው ጭቅጭቅ ሕጉ ምን እንደሚልና ዳርቻው ራሱ ምን ሥራ እንደሚሠራ ሳይታወቅ የሚካሄድ መሆኑ ነው። እስቲ ነገሩን ከሥሩ እንየው።

ባፈር ዞን የሚባለው ከወንዝ፣ ከጅረት ወይም ከሐይቅ ጠርዝ ተነስቶ የተወሰነ ሜትር ድረስ ያለው የዳርቻ መሬት ነው። እንዳይታረስ፣ እንዳይገነባበት፣ ወይም ቢያንስ እንደልብ እንዳይነካ ይከለላል። ሳር፣ ቁጥቋጦና ዛፍ ይበቅልበታል። ሐሳቡ ይኸው ነው።

ምን ይጠቅማል ለሚል፣ በክረምት ከወንዶ ገነት ተራሮች የሚወርደውን ጎርፍ ያየ ሰው ግማሹን መልስ ያውቀዋል። ቀለሙ ቀይ ቡናማ ነው፤ ያ ቀለም የሰው እርሻ ነው። ውሃው ከማሳ ተነስቶ በቀጥታ ወንዝ ሲገባ አፈሩንም፣ ማዳበሪያውንም፣ የተረጨውን ፀረ ተባይም ይዞ ይገባል። መሃል ላይ ጥቅጥቅ ያለ ሳር ካገኘ ግን ፍጥነቱ ይቀንሳል፣ ፍጥነቱ ሲቀንስ ደግሞ የተሸከመውን አፈር እዚያው ያራግፋል። ዳፕ ውስጥ ያለው ፎስፈረስ በብዛት የሚጓዘው ከአፈር ጋር ተጣብቆ ስለሆነ አፈሩ ሲቀር እሱም አብሮ ይቀራል። የዩሪያው ናይትሮጅን ለየት ይላል። እሱ ናይትሬት ወደሚባል ነገር ተለውጦ፣ ሟሙቶ በመሬት ውስጥ ነው የሚሄደው፣ ሳር ብቻውን አያቆመውም። እሱን የሚይዙት ጥልቅ ሥር ያላቸው ዛፎችና እርጥብ አፈር ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ናቸው፤ ባክቴሪያዎቹ ናይትሬቱን ወደ ጋዝ ቀይረው ወደ አየር ይለቁታል። ለዚህ ነው ዳርቻው ላይ ሳርም ዛፍም አብረው የሚፈለጉት። ረግረጉን አድርቆ ማረስ ደግሞ ባክቴሪያዎቹ የሚሠሩበትን ቦታ ማጥፋት ነው።

በጥቁር ውሃ በኩል እርሻው እስከ ውሃው ጠርዝ የደረሰበት ቦታ ላይ ቆም ብላችሁ እዩ። የመጨረሻው የጎመን ረድፍ ከወንዙ አንድ እርምጃ ነው። ከረድፉ ጎን መሬቱ ተሰንጥቋል፣ ስንጥቁ እግር ያስገባል። ከስንጥቁ ወዲያ ያለው ቁራጭ ከነጎመኑ ወደ ውሃው ዘመም ብሏል፤ አንድ ጥሩ ዝናብ ይበቃዋል። ነጭ የዩሪያ ፍሬ ከተክሎቹ ሥር ገና አልሟሟም። ጎኑ የተቀመጠው የውሃ መሳቢያ ሞተር ያንጠባጠበው ሳሩን አጥቁሮታል። ያ ገበሬ ክፉ ሰው አይደለም። መሬቱ ጠባብ ነው፣ ውሃው እዚያው ነው፣ ልጆች አሉት። ግን ዳሩ በየክረምቱ እየተናደ ሲሄድ የሚያጣው የራሱን መሬት ነው። ዳር ላይ ሥር ያለው ነገር ቢኖር ኖሮ መጀመሪያ የሚድነው የእሱ ማሳ ነበር። ይህን ነጥብ በክርክሩ ላይ የሚያነሳ ሰው ብዙም አልሰማሁም፣ ትልቅ ነጥብ ነው ብዬ ስለማምን ነው የማነሳው።

ባፈር ሁሉንም ነገር ይፈታል ማለቴ አይደለም። ውሃው በአንድ ቦይ ተሰብስቦ ከመጣ ሳሩን አቋርጦ ያልፋል፣ ስለዚህ ከላይ ማሳው ላይ እርከን ከሌለ ዳርቻው ብቻውን አይችለውም። በቱቦ የሚለቀቅ ፍሳሽማ ጭራሽ ሌላ ጉዳይ ነው። ከሆቴልም ይምጣ ከፋብሪካ፣ መቶ ሜትር ሳር ብትተክሉለት ቱቦው ከሥር አልፎ ይሄዳል። ገበሬውን ከዳር አንስቶ ቱቦውን ዝም ማለት ሐይቁን አያድንም፣ የገበሬውንም እምነት ያጠፋል።

አሁን ሐዋሳ ለምን የተለየች እንደሆነች ልንገራችሁ። ሐይቃችን ስፋቱ 90 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ጥልቅ በሚባለው ቦታ 22 ሜትር አካባቢ ይሆናል። በገጸ ምድር የሚወጣ ወንዝ የለውም። የሚገባ እንጂ የሚወጣ የለም ማለት ነው። ውሃው ይተናል፣ ጥቂቱ በከርሰ ምድር ይሰርጋል፤ የገባው ደለል ግን እዚያው ታች ይቀመጣል። ዓመቱን ሙሉ የሚፈስ ገባር ወንዝ ያለው አንድ ብቻ ነው፣ ጥቁር ውሃ። ጥቁር ውሃ ደግሞ ከምሥራቅ ተራሮች የሚወርዱት ጅረቶች ጨለለቃ ረግረግ ላይ ከተገናኙ በኋላ የሚወጣ ነው። ጨለለቃ ማለት ተፈጥሮ ራሷ የሠራችው ባፈር ነበር። በ1960ዎቹ ገና ውሃው የሚታይ ሐይቅ ነበር፣ ዛሬ ረግረግና የግጦሽ መሬት ሆኗል፣ ዳር ዳሩም ይታረሳል። ከላይ የመጣው ደለል ሞላው። አሞራ ገደል ላይ ዓሣ ስንበላ የምናስበው ስለ ሐይቁ ነው፣ የሐይቁ ጤና የሚወሰነው ግን በአብዛኛው ከዚያ ብዙ ኪሎ ሜትር ርቆ፣ ስሟን እንኳ በማናውቃት ትንሽ ጅረት ዳር ነው። ተፋሰሱ ደግሞ ሲዳማንም ኦሮሚያንም ይነካል፣ ስለዚህ አንዱ ክልል ብቻ የሚያወጣው መመሪያ ግማሽ መንገድ ነው የሚሄደው።

ሐይቅ አይጠፋም የሚል ሰው ካለ ሐረማያን ያስታውስ። ለሐረር ከተማ ውሃ ያጠጣ የነበረ ሐይቅ ነው። በመስኖ ከመጠን በላይ ተስቦ፣ በደለል ተሞልቶ፣ በ1990ዎቹ አጋማሽ ደርቆ ከብት የሚሄድበት ሜዳ ሆኖ ነበር። ከዓመታት በኋላ ውሃ መልሶ መያዙ ደስ ይላል፣ ግን በመሃል የተጎዳውን ሰው አስቡት።

ወደ ሕጉ እንሂድ። እዚህ ላይ ሁለቱም ወገን ይሳሳታል።

«መሬት የመንግሥት ነው፣ ስለዚህ ምን መብት አለህ?» የሚል ሰው ትሰማላችሁ። እውነት ነው፣ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ የጋራ ንብረት ነው፣ አይሸጥም አይለወጥም ይላል። ግን እዚያው አንቀጽ ውስጥ ወረድ ብላችሁ አንብቡ። ሰው በጉልበቱ ወይም በገንዘቡ መሬት ላይ የሠራው ቋሚ ንብረት፣ ያደረገው ማሻሻል የራሱ ነው። መንግሥት ለሕዝብ ጥቅም ሊወስደው ይችላል፣ ግን ተመጣጣኝ ካሳ በቅድሚያ ከፍሎ ነው። በቅድሚያ የሚለው ቃል እዚያ ላይ በግልጽ ተጽፏል። አንቀጽ 44 ደግሞ ሁለት ነገር ጎን ለጎን አስቀምጧል፦ ንጹህና ጤናማ አካባቢ የማግኘት መብትን፣ እና በመንግሥት ፕሮግራም ምክንያት የሚፈናቀል ሰው ተመጣጣኝ ካሳ ወይም ሌላ ድጋፍ የማግኘት መብትን። ጨቅጫቂዎቻችን እያንዳንዳቸው ግማሹን ነው የሚጠቅሱት።

በሌላ በኩል «ደብተር ካለኝ የፈለግኩትን አደርጋለሁ» የሚለውም አያስኬድም። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ የውሃ አካላት ዳርቻ እንዲወሰንና በተወሰነው ዳርቻ ውስጥ ዛፍና ዕፅዋት እንዳይመነጠሩ፣ መኖሪያ ቤት እንዳይሠራ ለመከልከል ሥልጣን ይሰጣል። በ1997 የወጣው የገጠር መሬት አዋጅም ተዳፋቱ ከ60 በመቶ በላይ የሆነ መሬት ለእርሻና ለልቅ ግጦሽ እንዳይውል ከልክሎ ነበር። ያ አዋጅ በ2016 በአዲስ ተተክቷል፣ ነጥቡ ግን ግልጽ ነው። በአገራችን ይዞታ ማለት መቼም ቢሆን ገደብ የሌለው መብት ሆኖ አያውቅም።

ታዲያ ዋናው ቋጠሮ የት ነው? በእኔ እይታ እዚህ ላይ ነው፦ መሬትን መውሰድ አንድ ነገር ነው፣ አጠቃቀሙን መገደብ ሌላ ነገር ነው። መሬትህ ከተወሰደ የካሳ ሕግ አለ። በ2011 የወጣው አዋጅ 1161 ለገጠር ባለይዞታ በቋሚነት ሲፈናቀልና ምትክ መሬት ሳያገኝ ሲቀር፣ ካለፉት ሦስት ዓመታት ከፍተኛውን የአንድ ዓመት ገቢ በ15 አባዝቶ ይከፍላል፣ ከንብረቱ ግምት ሌላ። ከዚያ በፊት የነበረው አዋጅ በ10 ነበር የሚያባዛው። ግን ማንም መሬትህን ሳይወስድ፣ ደብተሩም በስምህ እንዳለ፣ «ከዚህ መስመር ወዲያ አትረስ፣ ቤት አትሥራ» ብቻ ብትባልስ? በወረቀት ላይ ምንም አልተወሰደብህም። በመሶብህ ላይ ግን ተወስዶብሃል። እዚህ ላይ የሕጉ ድምፅ ቀጭን ነው፣ ሰውም የሚፈራው ይህንን ነው። ፍርሃቱ ትክክለኛ ፍርሃት ነው።

በቁጥር እንየው። መስመሩ 30 ሜትር ነው እንበል። ወንዙን በ50 ሜትር የሚዋሰን፣ ወደ ውስጥ 100 ሜትር የሚገባ ግማሽ ሄክታር ያለው ሰው 1,500 ካሬ ሜትር ይከለከላል፣ ከመሬቱ 30 በመቶ ማለት ነው። ያማል፣ ግን ይኖራል። ሩብ ሄክታር ያለው፣ 50 በ50 የሆነ ሰውስ? ያው 1,500 ካሬ ይሄድበታል፣ ለእሱ ግን 60 በመቶ ነው። ጅረት መሃል ለመሃል የሚያልፍበት ሰው ከሁለቱም ወገን ይቆረጥበታል። ከተማ ውስጥ 200 ካሬ ሜትር፣ 10 በ20 የሆነ ቦታ ያለው ሰውማ ምንም አይቀርለትም። አንድ ዓይነት ሜትር፣ እኩል የሚመስል ደንብ፣ ግን የሚያርፍበት ክብደት ሰማይና ምድር ነው። የሲዳማ ገበሬ መሬት ምን ያህል ጠባብ እንደሆነ፣ እንሰቱም ቡናውም ጫቱም አንድ ጓሮ ላይ እንዴት ተፋፍጎ እንዳለ የሚያውቅ ሰው ይህንን ስሌት ችላ ሊለው አይችልም።

ሌላው ብዙ የማይነሳ ጥያቄ፣ ሜትሩ የሚጀምረው ከየት ነው የሚለው ነው። ከበጋው ጠርዝ ነው ወይስ ከክረምቱ? የሐዋሳ ሐይቅ ከፍ ዝቅ ይላል። በ1990ና በ1991 አካባቢ በጣም ሞልቶ ዳር ያሉ ቤቶችን አጥለቅልቆ ነበር፣ በከተማው በኩል ያለው የአፈር ካብም ውሃውን ለመከላከል ነው የተሠራው። ሐይቁ ሲሸሽ ሰው ይከተለዋል፣ ያርሳል፣ ያጥራል፣ አንዳንዱም ይገነባል። ሐይቁ ሲመለስ «ውሃ መጣብን» ይባላል። ልኬቱ ከሞላበት ጊዜ ጠርዝ ካልተነሳ መስመሩ ራሱ ውሃ ውስጥ ይገባል። በጋ ላይ ተለክቶ የተተከለ ችካል ለማንም አይበጅም።

ሌሎች አገሮች ከዚህ ጋር ታግለዋል። ኬንያ የወንዝ ዳርቻን ከ6 እስከ 30 ሜትር አድርጋ፣ ከታወቀው ከፍተኛው የጎርፍ ጠርዝ እንዲለካ ደንግጋለች። ግን የተለያዩ ሕጎቿ የተለያየ ሜትር ስለሚሉ ለዓመታት ሁሉም የሚመቸውን እየጠቀሰ ገነባ። እ.ኤ.አ. በ2018 ናይሮቢ ውስጥ በወንዝ ዳር የተሠሩ ትልልቅ ሕንፃዎች፣ የገበያ ማዕከል ጭምር፣ በግሬደር ፈረሱ። ባለቤቶቹ ፈቃድ አለን ይሉ ነበር። ከዚህ የምማረው፣ መስመር ዘግይቶ ሲሰመር ለሁሉም ውድ እንደሚሆን ነው።

አሜሪካ ውስጥ ደግሞ ዴቪድ ሉካስ የሚባል ሰው ሳውዝ ካሮላይና ግዛት ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1986 ሁለት የባሕር ዳርቻ ቦታ ገዛ። ከሁለት ዓመት በኋላ የዳርቻ ጥበቃ ሕግ ወጣና ቤት መሥራት አትችልም ተባለ። ከሰሰ። እ.ኤ.አ. በ1992 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ ደንቡ የመሬቱን ኢኮኖሚያዊ ጥቅም ሙሉ በሙሉ የሚያጠፋ ከሆነ እንደመውሰድ ይቆጠራል፣ ካሳ ያስፈልገዋል አለ። ግዛቱ በመጨረሻ ቦታዎቹን ገዛቸው። ከዚያ ራሱ መልሶ ለግንባታ ሸጣቸው። አስቡት፣ በሰው ኪስ ጊዜ ዳርቻው ቅዱስ ነበር፣ ከራሱ ኪስ ሲወጣ ግን ሐሳቡን ቀየረ። አሜሪካ መሬት በግል የሚያዝበት አገር ስለሆነ ሕጉ በቀጥታ እኛ ጋ አይሠራም፤ ጥያቄው ግን ያው ነው። ጥቅሙ የሁሉም ሆኖ ሳለ ዋጋውን ማን ይክፈል?

እኔ የማምነውን በግልጽ ልናገር። መስመሩ መሰመር አለበት። ዛሬ ካልተሰመረ ነገ በሐይቁም በሰውም ላይ የባሰ ይመጣል። ግን አንድ ወፍራም መስመር ስቦ ሁሉንም መከልከል ትክክል አይደለም። ከውሃው አጠገብ ያለው ጠባብ ክፍል፣ ዳሩን ለመያዝ የግድ የሚያስፈልገው፣ ጨርሶ አይነካ። ከዚያ ወዲህ ያለው ሰፋ ያለው ክፍል ደግሞ በገደብ ይሠራበት፤ የከብት መኖ ሳር ይታጨድበት፣ ፍራፍሬ፣ ቀርከሃ፣ እንሰት ይተከልበት፣ ዓመት ዓመት የሚገለበጥ አትክልትና የማዳበሪያ ብተና ይቅርበት። ባሕር ዛፍ ውሃው ጠርዝ ላይ ባይተከል ይሻላል፣ ብዙ ይጠጣል፣ ከሥሩም ሳር አያበቅልም። ዳገት በሆነበት ስፋቱ ይጨምር፣ ሜዳ በሆነበት ይቀንስ። እንዲህ ከሆነ ገበሬው ከመሬቱ የሚያገኘው ነገር ይቀንሳል እንጂ ዜሮ አይሆንም። ለቀነሰው ደግሞ ከተማው መክፈል አለበት። ቆሮሶ ዓሣውን የምንበላው፣ ፍቅር ሐይቅ በምንለው ዳርቻ ላይ የምንዝናናው፣ ጀልባ የምናከራየው እኛ ነን። ከዚያ ሁሉ ላይ ለላይኛው ገበሬ ችግኝ፣ የመኖ ዘር ወይም የተወሰነ ገንዘብ መመደብ ውለታ ሳይሆን ዕዳ ነው።

ደግሞ ለሁሉም እኩል ይለካ። ሰው በጣም የሚያንገበግበው ይህ ነው። የድሃው የጭቃ ቤት ፈርሶ ባለገንዘቡ ዳር ላይ እንደያዘ ከቀረ ደንቡ በአንድ ቀን ይሞታል፣ ከዚያ በኋላ ማንም ችግኝ ትከል ቢባል አይሰማም። ሰነድ የሌላቸው ሰዎች ነገር ከባድ ነው፣ አላቃልለውም። የካሳ ሕጉ የሚያውቀው ሕጋዊ ባለይዞታን ነው። ግን ለዓመታት ግብር እየተቀበሉና መብራት እያስገቡ ኖረው፣ አንድ ቀን ሕገወጥ ነህ ብሎ በክረምት ማስነሳት ልክ ነው ብዬ አላምንም። ቢያንስ ወዴት እንደሚሄዱ ይታወቅ።

ችካል ይዘው ወደ ሠፈራችሁ ቢመጡ መጀመሪያ የምትጠይቁት ወረቀት ነው። የቃል ትእዛዝ ክርክር ውስጥ አይገባም። መስመሩ ከየትኛው ጠርዝ እንደተለካ፣ በየትኛው ፕላን ላይ እንዳለ በጽሑፍ ይሰጣችሁ። መሬቱ እየተወሰደ ነው ወይስ አጠቃቀሙ ብቻ እየተገደበ ነው የሚለውን በግልጽ አስጽፉ፣ የካሳው ጉዳይ ሁሉ የሚንጠለጠለው በዚህ ላይ ነው። የሚወሰድ ከሆነ አዋጅ 1161 ተነሺዎች ይዞታቸውን ከማስረከባቸው ቢያንስ አንድ ዓመት ቀድሞ እንዲመከሩ ይላል፣ ስለዚህ ምክክሩ የት እንደተደረገ ጠይቁ። አዋጁ ማሻሻያ ስለወጣለት የምታነቡት የቅርቡን መሆኑን አረጋግጡ። ንብረት ሲቆጠር አጠገባቸው ቁሙ፤ እያንዳንዱ የቡና እግር፣ እያንዳንዱ እንሰት፣ የውሃ ጉድጓዱ፣ አጥሩ ሳይቀር ይመዝገብ፣ ያልተስማማችሁበትን ዝርዝር አትፈርሙ። ፎቶ አንሱ። ቅሬታ ካላችሁ አዋጁ ለአቤቱታ ሰሚው አካል እንድታመለክቱ የሰጣችሁ ጊዜ 30 ቀን ነው፣ የሚቆጠረውም ትእዛዙ ከደረሳችሁ ጀምሮ ስለሆነ የተቀበላችሁበትን ቀን እዚያው ወረቀቱ ላይ ጻፉበት።